በሪያድ ዳርቻ የሚገኙ ውሾች፦ ሕጉ የሚለውና ከንክሻ በኋላ የሚደረገው

ከሪያድ መሀል ከተማ ወጣ ሲባል፣ በእርሻዎችና ኢስቲራሃ በሚባሉት የእረፍት ግቢዎች ዙሪያ ባለቤት የሌላቸው ውሾች መታየታቸው የተለመደ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች በጥበቃና በእረኝነት ከሚሠሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ጉዳዩ ከማንም ይበልጥ የሚነካውም እነርሱን ነው።

ውሻ ለዓረቢያ ምድር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት የሐኢል የዓለት ቅርጾች መካከል ከሰው ጋር የሚያድኑ ውሾች ይታያሉ። ሳሉኪ የተባለው ቀጭንና ፈጣን አዳኝ ውሻም በበደዊኖች ዘንድ እስከ ዛሬ የተከበረ ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 የባሕረ ሰላጤው አገሮች ትብብር ምክር ቤት የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ተቀብላ አጽድቃለች። በሕጉ መሠረት እንስሳ የሚይዝ ሰው ተገቢውን ምግብ፣ ውሃ፣ መጠለያና ሕክምና የማቅረብ ግዴታ አለበት። ደንቡን የሚተላለፍ በመጀመሪያው ጥፋት እስከ 50 ሺህ ሪያል ሊቀጣ ይችላል፤ ጥፋቱ ሲደጋገም ቅጣቱ እስከ 400 ሺህ ሪያል ይደርሳል። በሐምሌ ሐሩር ውሻን ያለ ጥላና ያለ ውሃ በሰንሰለት አስሮ መተው ከዚህ ግዴታ ጋር የሚጋጭ ነው። ጥቆማ ለአካባቢ፣ ውሃና ግብርና ሚኒስቴር በ939 ስልክ ይቀርባል።

አንዳንዶች መፍትሔው መርዝ ይመስላቸዋል። መርዙን ግን ድመቱም፣ ወፉም፣ የጎረቤት የጥበቃ ውሻም ይበላዋል። ከዚህም በላይ፣ የሞቱት ውሾች የለቀቁትን ስፍራ ብዙ ሳይቆዩ ያልተከተቡ ሌሎች ይይዙታል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሾችን መግደል የእብድ ውሻ በሽታን እንደማይገታ፣ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶውን መከተብ ግን የበሽታውን ሰንሰለት እንደሚበጥስ ያስረዳል።

ለሠራተኛው ትልቁ ጉዳይ ይኸው በሽታ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ሲሆን፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሕመምተኛው የሚተርፈው እጅግ ከስንት አንዴ ነው። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ስለሚታይ፣ «ቁስሉ ድኗል» ብሎ መዘናጋት ሕይወት ያስከፍላል። ጭረት ወይም የውሻ ምራቅ የነካው ክፍት ቁስልም ከንክሻ ተለይቶ አይታይም።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል በደንብ ማጠብ አለበት። ቀላል የሚመስለው ይህ እጥበት ወደ ሰውነት ሊገባ የሚችለውን ቫይረስ በእጅጉ ይቀንሳል። ቅጠል፣ ቡና ወይም በርበሬ መነስነስ አይገባም። በአገር ቤት ብዙዎች አስቀድመው ወደ ባህላዊ መድኃኒት አዋቂ ይሄዳሉ፤ በዚያ የሚባክነው ቀን ክትባቱ ሊሠራበት የሚገባ ቀን ነው። ከእጥበቱ በኋላ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ የጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ 937 ነው።

አሰሪውን ላለማስቆጣት ወይም የሥራ ቀን ላለማጣት ንክሻን መደበቅ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት በተከታታይ የሚሰጥ በመሆኑ አሰሪው ቀጠሮዎቹን ከመጀመሪያው ቢያውቅ ይሻላል። የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው፣ የክትባት ማስረጃውን ይዞ ለሐኪሙ ማሳየት ውሳኔውን ያግዛል።