ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለው ሥራ

የተቀደደ ልብስ ጠዋት ቢሰፋ ለማታ ይለበሳል፤ የተቀደደ ገላ ግን ቢሰፋም ጊዜ ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ፣ በሂውስተን ከተማ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው የተባሉ ሐኪሞች በሲሊኮን የተሞላ ከረጢት በአንዲት ሴት ጡት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አኖሩ። ሴትዮዋ ወደ ሐኪም ቤት የሄደችው በደረቷ ላይ የነበረውን ንቅሳት ለማስጠፋት እንጂ ጡቷን ለማስተለቅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ይህን ሕክምና ያደረጉት ሴቶች በሚሊዮን ይቈጠራሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ የታካሚዋ ሥራ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረቷ ያብጣል፣ ይወጠራል፣ ያማታል። ቀስ ብሎ መራመድ ደም በእግር ውስጥ እንዳይረጋ ይረዳል። ከባድ ዕቃ ማንሣት ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ፣ ብዙውን ጊዜም ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ክልክል ነው። ሲጋራ የደም ሥርን ስለሚያጠብ የቁስሉን መዳን ያዘገያል። አንዱ ጡት ብቻ በድንገት ቢያብጥ፣ ቁስሉ ቢቀላ ወይም ትኵሳት ቢነሣ፣ ነገ ሳይሉ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ከረጢቱም የዕድሜ ልክ ዕቃ ስላልሆነ፣ ቁስሉ ከዳነም በኋላ መታየት ያስፈልጋል።

ዳሩ ግን አንዳንዶች ሕክምናውን ከቤተ ዘመድ ይሸሽጋሉ። ምሥጢሩ እንዳይወጣ ሲሉም በሦስተኛው ቀን ሕፃን ያዝላሉ፣ ሕመሙን ውጠው ሥራ ይገባሉ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህ ነው። እኛም «ምን አስፈለጋት?» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ዕቃዋን ብናነሣላት ይሻላል። ፍርዱ ይቈያል፤ ቁስሉ ግን አይቈይም።