ጥንታዊው የቻይና የሻይ በራድ ከአስመሳዩ እንዴት ይለያል?

ጥንታዊ ዕቃ መሰብሰብ የሚወድ አንድ ሰው በገበያ መካከል ትንሽ፤ መልኳ ቀይ ዳማ የሆነ የሸክላ በራድ አገኘ እንበል። ሻጩም ገልበጥ አድርጎ ከሥሯ የታተመውን ማኅተም እያሳየ፤ «የሦስት መቶ ዓመት ዕቃ ናት፤ የታላቁ ሠሪ ስም ይኸውና» ይለዋል። ገዥው እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ከበራዱ አካል ሁሉ ቀድሞ የሚዋሸው ማኅተሙ መሆኑን ነው።

የእነዚህ በራዶች አገር በቻይና የጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፤ በታይ ሐይቅ አጠገብ የምትገኘው ዪሺንግ ናት። በዚያ የሚቆፈረው አፈር ዚሻ ይባላል፤ ትርጓሜውም ሐምራዊ አሸዋ ማለት ነው። ከዚህ አፈር የሚሠራው በራድ ብርጭቆ መሰል ቅብ ሳይቀባ ስለሚተኮስ፤ ባገለገለ ቁጥር ገላው እየወዛ ይሄዳል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአንድ ሊቅ አሽከር የነበረው ጎንግ ቹን በዚህ ሙያ ስሙ ገነነ፤ ከእርሱም በኋላ ሺ ዳቢንና ቼን ሚንግዩዋን ተነሡ። ስም ሲገን ደግሞ ስም የሚሰርቀው ይበዛል።

አስመስሎ መሥራት ሁሉ ማታለል ነው ማለት ግን አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ የነበረው አሪ ደ ሚልደ የቻይናውን በራድ እያየ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን የሚያትምበት የራሱን ስም ነበር። ነውሩ የሚጀምረው ሠሪው የሌላውን ስም ሲያትም ነው።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የጉ ጂንግጆው ታሪክ ይመሰክራል። በ1915 የተወለደው ይህ ሰው በወጣትነቱ፤ በ1930ዎቹ፤ ሻንጋይ ለሚገኝ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ የቀድሞ ሊቃውንትን በራዶች እያስመሰለ ይሠራ ነበር። ከእነዚህም ውስጥ እውነተኛ ጥንታዊ ተብለው ሙዚየም የገቡ እንዳሉ ይነገራል። እርሱም ኋላ የዘመኑ ታላቅ ሠሪ ለመባል በቃ፤ በ2010 አንድ በራዱ በቤይጂንግ ጨረታ ከ12 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተሸጠ። ዛሬ ደግሞ አስመሳዮች የእርሱን ማኅተም ይቀርጻሉ።

ታዲያ ሰብሳቢው ምን ይመልከት? አንደኛ፤ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ይይ። የዪሺንግ ሠሪ ጭቃውን ቀጥቅጦ እንደ ቆዳ ይዘረጋውና ክብ አድርጎ ያገጣጥመዋል፤ ከዚያም በእንጨት መምቻ እየመታ ሆዱን ያበጅለታል። ስለዚህ ከእጀታው በስተውስጥ የግጥሚያው ምልክት ብዙ ጊዜ ይታያል። የቀጠነ ጭቃ በጄሶ ቅርጽ ውስጥ ፈሶ የተሠራ በራድ ግን ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ልስልስ ነው። ሁለተኛ፤ ሻዩ ወደ ማፍሰሻው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይመርምር። በጥንቶቹ ዘንድ የተለመደው አንድ ቀዳዳ ነበር፤ እንደ ኳስ ያበጠው ባለ ብዙ ቀዳዳ ማጥለያ የተስፋፋው ግን በ1970ዎቹ ነው። እንግዲህ ይህ ማጥለያ ያለበት በራድ የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ሊኖረው አይችልም።

ሦስተኛ፤ ወዙን ያስተውል። በአገልግሎት የመጣ ወዝ እጅ በሚበዛበት ቦታ ይጎላል፤ በጎድጓዳው ይቀንሳል። አስመሳዩ ግን የጫማ ቀለም ወይም ሰም ሁሉንም ቦታ እኩል ይቀባል፤ የፈላ ውሃ ሲፈስበትም ሽታው ያጋልጠዋል። አራተኛ፤ መልኩ እጅግ ከደመቀ ይጠርጥር። በ2010 የቻይና መንግሥት ቴሌቪዥን ተራውን ጭቃ በኬሚካል እያቀለሙ ዚሻ ነው ብለው የሚሸጡትን ሠሪዎች አጋልጧል።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ቅርጽ ማውጫ በጥንት ዘመንም አልፎ አልፎ ይሠራበት ነበርና። ዓይን የሚሠለጥነው ዕድሜው ከተረጋገጠ ዕቃ ጋር በማስተያየት ነው። ለምሳሌ በ1533 ከተቀበረው ከጃንደረባው ዉ ጂንግ መቃብር፤ በናንጂንግ አጠገብ፤ በ1960ዎቹ አንድ በራድ ተቆፍሮ ወጥቷል። የመቃብሩ ዘመን የታወቀ ስለሆነ ለሌሎቹ መለኪያ ሆነ።

እንግዲህ ወጣት ሰብሳቢ ሆይ፤ በራዱን ገልብጠህ ስሙን ከማንበብህ በፊት ክዳኑን ከፍተህ ሥራውን እይ። ማኅተም በአንድ ቀን ይቀረጻል፤ የእጅ ሙያ ግን በአንድ ቀን አይሰረቅም።