የሚያልበው ግድግዳ

በቂርያት ጋት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩት ሺኩኖች የሚኖሩ ቤተሰቦች በብርዱ ወራት ግድግዳቸው አልቦ ሲሻግት ያያሉ። ቀለም ቢቀቡትም ሻጋታው ይመለሳል፤ የልጆችንም አስም ያባብሳል።

ሕንፃዎቹ የተሠሩት የሙቀት መከላከያ ግዴታ ከመሆኑ በፊት ነው። ስለዚህ ቀጭኑ የብሎኬት ግድግዳ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያሳልፋል፤ የምጣዱና የድስቱ እንፋሎትም ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ውኃ ይሆናል።

በአገር ቤት የግድግዳው ጭቃ ከጭድ ጋር ይቦካ፣ ጣሪያውም በሣር ይከደን ነበር። በጭዱና በሣሩ ውስጥ የተያዘው አየር ብርድንም ሙቀትንም ይከላከላል፤ እንፋሎቱም በክዳኑ በኩል ይወጣ ነበር። ዛሬ ባለሙያዎች ሕንፃን ከውጭ በኩል አየር ባዘለ የአረፋ ሰሌዳ የሚያለብሱት በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ሕንፃችሁን ለማደስ ስብሰባ ሲጠራ ስለ ቀለሙ ከመነጋገራችሁ በፊት ስለ ግድግዳው ልባስ ጠይቁ። እስከዚያው ግን ስታበስሉ መስኮት ክፈቱ።