የአቃቂ አቧራ በሳንባችን ውስጥ እስከ የት ይደርሳል?

ከሳሪስ ወደ አቃቂ ቃሊቲ የሚወርድ ሰው አየሩ መለወጡን አፍንጫው ይነግረዋል። የከባድ መኪናው ጭስ፣ የግንባታው ሲሚንቶ፣ የፋብሪካው ብናኝ አንድ ላይ ይቀበሉታል። ይህ ሁሉ በአፍንጫ ከገባ በኋላ የት ነው የሚቆመው? የመተንፈሻ አካላትን አሠራር ለማወቅ አቧራውን መከተል ጥሩ ዘዴ ነው።

ትልልቁ አቧራ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል፤ ጸጉርና ንፍጥ ይይዙታል። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባልም። ሸክም ተሸክሞ በአፉ የሚያለከልክ ሠራተኛ ግን ይህ ማጣሪያ ያመልጠዋል።

ከአፍንጫ ያለፈው አየር በጉሮሮ አድርጎ ወደ ማንቁርት ይወርዳል። ድምፃችን የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ ስንውጥ የሚከደን ክዳንም አለው። ክዳኑ ሲዘገይ ነው «ትን አለኝ» የምንለው። ከሥሩ ያለው የአየር ቧንቧ ደረት ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ቅርንጫፍ ከግራው ይሰፋል፣ ቀጥ ብሎም ይወርዳል፤ ሕፃን ልጅ ኦቾሎኒ ትን ሲለው ፍሬው ብዙውን ጊዜ በቀኝ ሳንባ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ቅርንጫፎቹ እየቀጠኑ ሃያ ሦስት ጊዜ ያህል ይከፋፈላሉ። የአብዛኞቹ ግድግዳ በሚያጣብቅ ፈሳሽ የተለበጠ ነው፤ በዓይን የማይታዩ ጸጉሮችም ፈሳሹን ከነአቧራው ሳያቋርጡ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። አክታ የምንለው ይኸው ነው። ሲጋራ እነዚህን ጸጉሮች ያዳክማቸዋል።

አቃቂ በጨርቃ ጨርቅ ስሟ የታወቀ ነውና የጥጥ ብናኝን ለብቻው ማየት ይገባል። የጥጥ ብናኝ ጥጡ ላይ ከኖሩ ባክቴሪያዎች የተረፈ መርዝ ይዞ ይገባል፤ መርዙ የቧንቧዎቹን ግድግዳ ያስቆጣል፣ ያጠብባቸዋል። ቢሲኖሲስ የሚባለው ሕመም ይህ ሲሆን ልዩ ምልክት አለው፦ ሠራተኛው ከእረፍት በተመለሰበት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ ደረቱ ይጨመደዳል፤ በማግስቱ ይሻለዋል። ሕመሙ እየከረመ ሲሄድ ግን ቀን መምረጡን ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት፣ በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ ጥጡ ተፈትቶ በነፋስ በሚጸዳበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶ፣ በሚነደፍበት ክፍል ደግሞ 37.5 በመቶ ሕመሙ ተገኝቶባቸዋል። «የሰኞ ስንፍና ነው» የሚል አለቃ ይህን ቁጥር ቢያየው ጥሩ ነው።

በጣም ደቃቁ አቧራና ጭስ ከዚህም አልፎ በቧንቧዎቹ ጫፍ ካሉት የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። ከረጢቶቹ ከ300 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ቢዘረጉ 70 ካሬ ሜትር ገደማ፣ የአንድ ሰፊ ኮንዶሚኒየም ቤት ወለል ያህል ይሸፍናሉ። ግድግዳቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍል ይሳሳል። ኦክስጅን በዚህ ስስ ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከደም ይወጣል።

ሳንባ ራሱን የሚያሰፋበት ጡንቻ የለውም። ከሥሩ ያለው ድያፍራም የተባለ ጡንቻ ወደ ታች ሲሳብ፣ የጎድን አጥንቶችም ሲነሡ ደረት ይሰፋል፤ አየርም ይገባል። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ገደማ ያስገባል። ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ግንድ ሲሆን ዋናው ቀስቃሽ በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ ቃሊቲ የሚገባ ሹፌር በሁለቱም ቦታ የሚተነፍሰው 21 በመቶ ኦክስጅን ያለበት አየር ነው። ነገር ግን አቃቂ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለችና የአየሩ ግፊት ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ትንፋሹን በመጨመር ያካክሳል። ሳንባው የተጎዳ ሰው ግን ለማካካሻ የሚሆን ትርፍ አቅም የለውም።

ወደ አቧራው ስንመለስ፣ ከከረጢቶቹ ውስጥ እሱን ጠርጎ የሚያወጣ ጸጉር የለም። ቆሻሻ የሚውጡ ሴሎች አሉ፤ የአለት ብናኝ ግን እነሱንም ይገድላቸዋል፣ ቦታውም ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ የያዘ ሳንባ እንደ ቀድሞው አይለጠጥም።

ስለዚህ አፍን በሻሽ መጠቅለል ብዙም አይጠቅምም፤ ሻሹ የሚያስቀረውን አፍንጫም ያስቀረው ነበር። ለደቃቁ ብናኝ ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ከዚያም በፊት ብናኙን ከምንጩ ስቦ የሚያወጣ ማሽን። የአደጋ መከላከያ ማቅረብ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ነው።

ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሳል ደግሞ «አቧራው ነው» ብለው አይተዉት። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው የሚጀምረው፤ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣልና ሄደው ይመርመሩ።