ነገርን ከሥሩ፣ ፋንን ከሞተሩ

አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው አንድ ድምፅ ጠንቅቆ ያውቃል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጥ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ከኮፈኑ ሥር “ቸር ቸር” የሚል ድምፅ ነው። የፋኑ ክንፍ አጠገቡ ያለውን ነገር እየላሰ ነው ማለት ነው። አብዛኞቻችን ሬዲዮውን ከፍ አድርገን እናልፈዋለን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ግን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ ደጃችን የቆመችውን አሮጌ ኮሮላ በሌላ መተካት ለአብዛኛው ሰው ሕልም ነው። ያለችንን ማቆየት አለብን።

እኔ የሕግ ሰው እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም በየጋራዡ ቆሜ ያየሁት አንድ ነገር ሙያዬን ይነካዋል፤ ምርመራ ሳይደረግ ፍርድ ይሰጣል። ፋኑ ይነካል ከተባለ አንዱ የብረት መጋዝ አንስቶ የክንፎቹን ጫፍ ሊቆርጥ ይነሳል። ሌላው ፋኑን ዙሪያውን የከበበውን ከለላ ፈትቶ ይጥላል። ድምፁ ይጠፋል፣ ባለመኪናውም ከፍሎ ይሄዳል። ወንጀለኛው ግን አልተያዘም።

አሠራሩን እንመልከት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩትን የኋላ ጎማ ገፊ ኮሮላዎች በመሰሉ መኪኖች ፋኑ የሚታሰረው የውሃ ፓምፑ ላይ ነው፤ የሚዞረውም በሞተሩ ቺንጋ ነው። ራዲያተሩና ከለላው ደግሞ የታሰሩት ከመኪናው አካል ጋር ነው። ሞተሩ በጎማዎች ላይ ስለተቀመጠ ነዳጅ ሲሰጠው ይጠማዘዛል፣ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ በሚንቀሳቀሰውና በማይንቀሳቀሰው መካከል ክፍተት የግድ ያስፈልጋል። በፋኑና በራዲያተሩ መካከል ሁለት ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ርቀት ቢኖር ጥሩ ነው። ፋብሪካው ይህን ክፍተት ሰጥቶ ነበር። ጥያቄው የት ሄደ የሚለው ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉ ይውጣ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ቺንጋውን አላልታችሁ ፋኑን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ።

አንድ ክንፍ ብቻ የሚነካ ከሆነ የተጣመመው ያ ክንፍ ነው፤ ፋኑ ይቀየር። የተጣመመን ክንፍ መልሶ ማቅናት ብረቱን ያደክመዋል።

ሁሉም ክንፎች አንድ ቦታ ላይ የሚቀርቡ ከሆነ የተንቀሳቀሰው ሞተሩ ወይም ከለላው ነው። ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ሞተሩን የተሸከሙት ጎማዎች መርገባቸውን ጠርጥሩ። ዘይት የሚፈስበት ሞተር እነዚህን ጎማዎች ያለሰልሳቸዋል።

ፋኑን ይዛችሁ ስትነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ አልቋል። ከፓምፑ ሥር ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነማ ማስረጃው ተሟልቷል።

ዙሪያው እኩል ሆኖ ፋኑ ወደ ራዲያተሩ የቀረበ ከሆነ ታሪኩን ጠይቁ። ራዲያተሩ በወፍራም ተተክቷል? ፓምፑ ከሌላ ሞዴል የመጣ ነው? መኪናዋ ከፊት ተመትታ በባትላሜራ ተቃንታለች?

መፍትሔው ምክንያቱን ይከተላል። ጎማዎቹ ከረገቡ ከዘይት ቋቱ ሥር ጣውላ አድርጎ ሞተሩን በክሪክ ቀስ ብሎ ማንሳትና በሁለቱም በኩል ያሉትን መቀየር ነው። በሚነሳበት ጊዜ ፋኑ ከለላውን እንዳይመታ መከታተል ያስፈልጋል። ከለላው የተዛነፈ ከሆነ ቡሎኖቹን አላልቶ መሐል ላይ ማስተካከል ይቻላል። በፋኑና በፓምፑ መካከል ወፍራም ማራራቂያ ከገባ በቀጭን ይተካ፤ ያኔ ግን ቡሎኑም በልኩ ማጠር አለበት፤ አለበለዚያ ፓምፑን ይጎዳል። ወፍራም ራዲያተር የገባበትና ቦታ የጠፋ ከሆነ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፋን፣ ከሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ከሪሌውና ከፊውዙ ጋር ማስገባት አንድ አማራጭ ነው።

መጋዙና ከለላ መፍታቱ ለምን ይቅር? የተቆረጠ ፋን ሚዛኑን ያጣል። ሚዛን ያጣ ፋን ኩሽኔታውን ይበላል፤ ክንፉም ተሰብሮ ሊወረወር ይችላል። ከለላው የሌለ እንደሆነ ደግሞ ፋኑ በራዲያተሩ ውስጥ አየር ከመሳብ ይልቅ የሞቀውን አየር መልሶ ያናፍሳል። መኪናው በቀለበት መንገድ ሲሮጥ ደህና ይሆንና መገናኛ ላይ መንገድ ሲዘጋጋ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክዳን በሌለው ድስት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ችግሩ ቶሎ ይደርሳል። ውጤቱ የተጣመመ ቴስታታ ነው፤ ዋጋውን የከፈለ ያውቀዋል።

ሕጉንም ላንሳ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ከተሰነጠቀ ፋን የተወረወረ ብረት አጠገቡ የቆመውን ልጅ ቢመታ “መካኒኩ ነው የቆረጠው” ማለት ተጎጂውን አይመልሰውም። ከመካኒኩ ጋር የምትከራከሩት በኋላ፣ ለብቻችሁ ነው።

ስለዚህ መኪናችሁን ለጋራዥ ስትሰጡ “ፋኑ ይነካል፣ አስተካክሉልኝ” ብላችሁ አትሂዱ። “ክፍተቱ ለምን ጠበበ? ያረጀውንም አሳዩኝ” በሉ። ሥራው ሲያልቅ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ አንድ ሰው ነዳጅ ቀስ እያለ ይስጥ፤ እናንተ ነጠላና ሰፊ እጅጌ ሰብስባችሁ፣ ከፋኑ አቅጣጫ ፈቀቅ ብላችሁ የሞተሩን እንቅስቃሴ ተመልከቱ። ክፍተቱ ካልጠበበ ያኔ ሒሳቡን ክፈሉ።