የጠቆረ የብር ጌጥን በቤት ውስጥ ስለ ማጽዳት

የብር ጌጥ በመደርደሪያ ቆይቶ ሲጠቁር ዋጋው የወደቀ የሚመስለው ገዥ ብዙ ነው። ጥቁረቱ ግን በአየር ያለ ድኝ ከብሩ ጋራ ተዋሕዶ የሠራው ስስ ልባስ እንጂ የብሩ ጉድለት አይደለም። በብርጭቆ ሳህን የአሉሚኒየም ወረቀት አንጥፎ ጌጡን በላዩ ማኖር፥ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ጥቂት ጨው ነስንሶ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። አሉሚኒየሙ ድኙን ከብሩ ያላቅቃል፤ የበሰበሰ ዕንቁላል የመሰለ ሽታ ቢወጣ ሥራው መጀመሩ ነው። በአመድ መፈተግ ግን ብሩን ይቦጭራል።

ነጋዴውን የሚያከስረው ኦፓል ያለበትን ጌጥ እንዲሁ መንከር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የታወቀው የወሎ፥ የወገል ጤና ኦፓል ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ስለ ሆነ ኅብረ ቀለሙ ሊደበዝዝ፥ በሙቀቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። እንዲህ ያለው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል።