ያውቁ ኖሯል? ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ የአማርኛ ፊደላት በአንድ ፍሎፒ ዲስክ

ከኢንተርኔት የወረደን ፋይል ወደ አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ለማሸጋገር የሚያገለግለው የ3.5 ኢንች ፍሎፒ ዲስክ፣ ማለትም በፕላስቲክ ልባስ ውስጥ የሚሽከረከር ስስ ማግኔታዊ ዝርግ፣ 1.44 ሜጋባይት ብቻ ስለሚይዝ በዛሬ ስልክ ለተነሳ አንድ ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ የማይበቃ ቢሆንም፣ ከ480 ሺህ በላይ የአማርኛ ፊደላት ያሉትን ጽሑፍ ግን እንደሚሸከም ያውቁ ኖሯል?

ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት ለእያንዳንዳቸው ቁጥር በመስጠት የሚመዘግበው ሥርዓት፣ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንዱን የግእዝ ፊደል በ3 ባይት ስለሚያስቀምጥ «ሮቤ» እና «ጎባ» የሚሉት የባሌ ከተሞች ስሞች እያንዳንዳቸው 6 ባይት ይወስዳሉ። የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ከዋና ከተማዋ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ለምትገኘው ሮቤ በአውቶቡስ የሚላክ ዲስክ የስልክ መስመር ሳያስፈልገው ፋይል ሊያደርስ ይችል ነበር።

ዲስኩ ሳይበላሽ ቢደርስም ጽሑፉ ላይነበብ ይችላል፤ የግእዝ ፊደል ዩኒኮድን የተቀላቀለው በ1999 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ ኮምፒውተሮች በየራሳቸው የፊደል ፕሮግራም እንጂ በዚህ ሥርዓት አማርኛን አያውቁም። ስለዚህ ጽሑፉ ወደ ዲስኩ ከመገልበጡ በፊት አሮጌው ኮምፒውተር ወደሚያውቀው የፊደል አመዘጋገብ መለወጥ አለበት፤ የኮምፒውተሩ ድራይቭ 720 ኪሎባይት ብቻ የሚያነብ ከሆነም ዲስኩ በዚሁ መጠን ይዘጋጃል።